ጎመኑ ሲነቀል ቤት ይሠራል ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነዋሪዎች በኅብረት የሚያለሟቸውን የአትክልት ቦታዎች አጥብቆ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጸሐፊው ክርክር ሲጨመቅ እንዲህ ነው። የከተማ መሬት ውድ ስለሆነ ጎመንና ቆስጣ ሊተከልበት አይገባም። ከአትክልቱ የሚጠቀሙት ጥቂት ጡረተኞችና የቤት እመቤቶች ናቸው። በከተማ የሚበቅል አትክልት ለጤና ጠንቅ ነው። ኒውዮርክን የመሰለ ከተማ እንኳ የጋራ አትክልት ቦታዎቹን ለቤት ግንባታ ሸጧል። አትክልተኞቹ ከፈለጉ ወደ ከተማ ዳር ወይም ወደ ሕንፃ ጣሪያ ይዛወሩ። ቦታው ድሮም የተያዘው በጊዜያዊነት ነውና አልሚ ሲመጣ መልቀቅ ነው።

ጽሑፉ ከስድብ የጸዳ፣ በተባ ብዕር የተጻፈ ነው። መልስ የሚገባውም ለዚሁ ነው። እኔ ግን ገለልተኛ ታዛቢ አይደለሁምና ይህን አስቀድሜ ላስታውቅ። በምኖርበት ግቢ ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ግንባታው ሲያልቅ የተሰባበረ ብሎኬትና የደረቀ ሲሚንቶ የተጣለበት ቦታ ነበር። ጎረቤቶች ተሰባስበን ድንጋዩን ለቀምን፣ አፈር አስመጣን፣ መደብ መደብ አድርገን ተከልንበት። አሁን በዚያው ቦታ ላይ የሱቅ ሕንፃ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንባቢ የምለውን ሁሉ ይህን እያወቀ ይመዝነው።

ከመሬት ውድነት ልጀምር። ውድ መሆኑን አልክድም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር 355,555 ብር የሊዝ ዋጋ ቀርቦ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ጸሐፊው «ውድ ነው» ከሚለው ተነስተው «ይሸጥ» ወደሚለው ሲሻገሩ መሐል ላይ ያለውን ጥያቄ ዘለውታል። ዋጋ ያለው ቦታ ሁሉ የሚሸጥ ከሆነ የትምህርት ቤት ሜዳውም፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥሩም፣ ድንኳን የምንተክልበት አደባባይም በተራው ብክነት ሊባል ነው። የከተማዋ መሪ ፕላን እንኳ እንዲህ አያስብም፤ የሚታወቀው ቀመሩ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚያውል ነው። መንግሥት ራሱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ባለው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ዕቅድ ይፋ ያደረገው አረንጓዴ ቦታ ዋጋ ስላለው ነው። በቢሊዮን ብር አረንጓዴ በሚለማበት ከተማ ነዋሪው ከኪሱ አውጥቶ ያለማውን ነቅሎ ኮንክሪት ማፍሰስ በየትኛው ሒሳብ አዋጭ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

የሊዝ ዋጋ የማይቆጥራቸው ሥራዎችም አሉ። በክረምት በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በ200 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ውኃ 10,000 ሊትር ነው። የተቆፈረና ብስባሽ የጠገበ አፈር ከዚህ ብዙውን ይጠጣዋል። ኮንክሪት ግን ጠብታ ሳያስቀር ወደ ቱቦው ይልከዋል፤ ቱቦው ደግሞ ሐምሌ ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ምን እንደሚመስል፣ ምድር ቤት የሚኖሩ ሰዎች ምንጣፋቸውን አንስተው እንዴት እንደሚያድሩ የጋራ ቤት ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። የቆሻሻውም ነገር አለ። ከየቤታችን ከሚወጣው ትልቁ ድርሻ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ የመሰለ የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ሄዶ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ አይተናል። በእኛ ግቢ ልጣጩ ጉድጓድ ውስጥ ከደረቅ ቅጠልና ከአመድ ጋር ተደራርቦ ከወራት በኋላ ጥቁር አፈር ሆኖ ይመለሳል። አንድ ግቢ ቆሼን አያድንም፤ ግን ከቆሼ ላይ የሚቀነስ እንጂ የሚጨመርበት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ነው። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ጡረተኞችና የቤት እመቤቶች ናቸው ይላሉ። በመጀመሪያ፣ ጡረተኛና የቤት እመቤት ከሰው ቁጥር የማይገቡበትን ምክንያት አላወቅሁም። በግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ልጅ ሲጠፋ የሚፈልጉት፣ የማይታወቅ ሰው ደረጃ ሲወጣ «ማንን ፈለግህ?» የሚሉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎም፣ ጸሐፊው ተጠቃሚ ያሉት መደብ ያለውን ሰው ብቻ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ቢያዩ ሒሳባቸው ይለወጥ ነበር።

የሐበሻ ጎመን እንደሚታወቀው ከሥሩ ካልተነቀለ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየተለቀመ ለወራት ይበላል። ስለዚህ ባለመደቡ ከሚችለው በላይ ያፈራል። ከእኛ በላይ የሚኖሩት እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጎንበስ ብለው መልቀም አይችሉም። በርጩማቸውን ይዘው ወርደው መደቡ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ የጎረቤት ልጆች እየለቀሙ ይሰጧቸዋል፣ እሳቸው ግንዱን ከቅጠሉ እየለዩ ያስራሉ። ከዚያ «ይህ ለሦስተኛ ፎቅ አራሷ፣ ይህ ለዘበኛው» እያሉ ያከፋፍላሉ። ጤና አዳምና በሶብላ በአጥሩ ጥግ ያለው ለሁሉም ነው፤ ለቡናውም ለበርበሬውም የፈለገ ይቆርጣል። የውኃውን ሮቶ ቁልፍ የያዙት ጋሼ ማን መቼ እንዳጠጣ በደብተር ይመዘግባሉ፤ በበጋ፣ ያጠራቀምነው የዝናብ ውኃ ሲያልቅ ደግሞ የቧንቧውን ፈረቃ ጠብቀው በጀሪካን የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ዝርዝር ውጭ አንዲት ጣሳ አትወጣም።

ጠብም አለ። አንድ ጎረቤታችን ያመጧቸው ዶሮዎች ገና የበቀለ ሰላጣ ጠራርገው በልተው ግቢው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ነገሩ በሽማግሌ ተፈትቶ ዶሮዎቹ የሽቦ አጥር ተሠራላቸው፣ ኩሳቸውም ለማዳበሪያ እንዲሰጥ ተስማማን። ይህን የማነሳው አትክልት ቦታው ገነት ነው ለማለት አይደለም። እኛ ዕጣ ያገናኘን ሰዎች ነን። ግማሹ ከመሐል ከተማ ተነስቶ የመጣ፣ ግማሹ ገዝቶ የገባ፣ ሌላው ተከራይ ነው። አብሮ ያደገ ሰፈር ዕድሩና ጽዋው አብሮት ያድጋል፤ እኛ ግን ደረጃ ላይ አንገታችንን ደፍተን ተላልፈን የምንሄድ ነበርን። ተከራይ በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም፤ መደብ ላይ ግን አለው። ዕድራችን የተጠናከረው ከአትክልቱ በኋላ መሆኑን ማንም የግቢያችን ሰው ይመሰክራል።

የአንድ ግቢ ምስክርነት አይበቃም ከተባለ በሌላ አገር የተለካ ነገር አለ። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ 541 የተተዉ ባዶ ቦታዎች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው አንዱ ክፍል ተጠርጎ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለበት፤ ሁለተኛው ቆሻሻው ብቻ ተጸዳ፤ የቀረው እንዳለ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተሙት ውጤቶች መሠረት በድኻ ሰፈሮች ውስጥ በለሙት ቦታዎች ዙሪያ የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል፤ በአቅራቢያው ከሚኖሩት መካከል የመደበት ስሜት ይሰማናል የሚሉትም በ41.5 በመቶ ቀንሰዋል። እዚያ የተተከለው ሣር እንጂ ጎመን አይደለም፣ የእነሱም ችግር የእኛ አይደለም። ቢሆንም ባዶና ቆሻሻ ቦታ ሲለማ የሚጠቀመው አልሚው ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ይበቃል።

በተመሳሳይ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የጋራ አትክልት ቦታ በ300 ሜትር ገደማ ዙሪያው ያሉ ቤቶችን ዋጋ ከፍ እንደሚያደርግ፣ ጭማሪውም በድኻ ሰፈሮች እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ በእነዚህ ሰፈሮች በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ 9.4 መቶኛ ነጥብ ደርሷል። ይህን ቁጥር ብዙ የአትክልት ቦታ ወዳጆች በደስታ ይጠቅሱታል። እኔ እጠነቀቀዋለሁ። የቤት ዋጋ ሲወጣ ኪራይም ይወጣል፣ መጀመሪያ የሚለቅቀው ደግሞ መደቡን የቆፈረው ተከራይ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ከባድ ክርክር ይሆንብኝ ነበር። አላነሱትም።

ስለ ጤና በጻፉት ላይ ግማሹን እስማማለሁ፤ እንዲያውም ይጠንከር እላለሁ። በአቃቂ ወንዞች ዳር፣ ቄራንና ፒኮክን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ በወንዝ ውኃ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከቆዳ ፋብሪካና ከሌላ ፍሳሽ የመጡ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው ከሃያ ዓመት በላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ነገር ግን ጥፋቱን የሠራው ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ የለቀቀው ነው ወይስ ጎመን የተከለው? ጸሐፊው ወንጀለኛውን ትተው ተበዳዩን ከሰሱ። ሌላም አለ። በጉልት የምንገዛው ጎመን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደመጣ ጠይቀን እናውቃለን? ሻጯም አታውቅም። የእኛ ጎመን የሚጠጣው ከጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብና የቧንቧ ውኃ ነው፤ መሬቱም የግንባታ ፍርስራሽ የነበረበት ስለሆነ ከላዩ ሌላ አፈር ደልድለን፣ መደቡን ከመኪና ማቆሚያው አርቀን ነው የሠራነው። ሌሎች ግቢዎችም እንዲሁ ያድርጉ። ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ በነበረበት መሬት ላይ ሳያስመረምር የሚተክል ሰው ካለ ግን ከጸሐፊው ጋር ሆኜ አቁም እለዋለሁ።

አሁን ወደ ኒውዮርክ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አትክልት ቦታዎችን ለጨረታ ማውጣቱን ጽፈው፣ ቀጥሎ የሆነውን ተዉት። ታሪኩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒውዮርክ በገንዘብ ችግር ተውጣ ባለቤቶች ሕንፃቸውን ጥለው ሲሄዱ፣ ቦታው የተቃጠለ ፍራሽና የመርፌ መጣያ ሆነ። በ1973 በማንሃተን በቦወሪና በሂውስተን ጎዳናዎች መገናኛ ሊዝ ክሪስቲ የተባለች ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሆና አንዱን ጠርጋ አትክልት ተከለችበት፤ ቦታው ዛሬም በስሟ ይጠራል። በ1978 ከተማው ራሱ ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች ፈቃድ የሚሰጥ ክፍል አቋቋመ። እንግዲህ ሰፈሩ ከጸዳና ዋጋ ካወጣ በኋላ ነው በ1999 ከንቲባ ሩዶልፍ ጁሊያኒ 114 የአትክልት ቦታዎችን ለጨረታ ያቀረቡት።

ጨረታው ግን አልተካሄደም። ሁለት በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ አንዱ ቤት ሚድለር በተባለች ተዋናይት የተመሠረተ፣ ሁሉንም 114 ቦታዎች በ4.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝተው ለአትክልተኞቹ አስቀሩላቸው። በ2002 ደግሞ የከተማው አስተዳደርና የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተስማምተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች እንዲጠበቁ፣ ጥቂቶች ለቤት ግንባታ እንዲውሉ፣ በተቀሩት ላይ በየቦታው ምርመራ እንዲደረግ ሆነ። ዛሬ በኒውዮርክ በ1978 በተቋቋመው የከተማው ክፍል ሥር ያሉት የጋራ አትክልት ቦታዎች ከ550 ይበልጣሉ። ጸሐፊው ኒውዮርክን ለምሳሌነት ከመረጡ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ይከተሉት።

ቅርብ ጊዜ የሆነውንም ልጨምር። በማንሃተን የኤሊዛቤት ጎዳና አትክልት ቦታ ላይ 123 ለአረጋውያን የሚሆኑ ቤቶች ሊሠሩ ታቅዶ ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ፍርድ ቤትም ለከተማው ፈርዶ ነበር። ይህ እውነተኛ ቅራኔ ነው። በአንድ በኩል ቤት የሚጠብቁ አረጋውያን፣ በሌላ በኩል በአካባቢው ብርቅ የሆነ አረንጓዴ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2025 የከንቲባ ኤሪክ አዳምስ አስተዳደር ከአካባቢው የምክር ቤት አባል ጋር ተስማምቶ ዕቅዱን ትቶ፣ በምትኩ በሦስት ሌሎች ቦታዎች ከ620 በላይ ቤቶች እንዲሠሩ ወሰነ። የቤት ተሟጋቾች ተናደዋል፤ «ለምን ሁለቱም አይሆንም?» ብለዋል። ንዴታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሌላ ቦታ ሲፈለግ ሌላ ቦታ መገኘቱን ልብ ይሏል።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው ግን የሎስ አንጀለሱ ነው። በደቡባዊው የከተማው ክፍል 14 ኤከር ስፋት ያለው ቦታ ነበር። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1986 ቆሻሻ ማቃጠያ ሊሠራበት ከባለቤቶቹ በግዴታ ወሰደው፤ ነዋሪው ማቃጠያውን ተቃውሞ አስቀረ። በ1992 በከተማው ከተነሳው ብጥብጥ በኋላ ቦታው ለጋራ እርሻ ተሰጥቶ 350 ገደማ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ በቆሎና ቁልቋል፣ ሸንኮራ አገዳና ሙዝ አለሙበት። በ2003 ከተማው ቦታውን ለቀድሞው ባለቤት በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ሸጠ። ባለቤቱ ለአትክልተኞቹ 16.3 ሚሊዮን ጠየቀ። ገንዘቡ በልመናና በእርዳታ ሲሰባሰብ ግን አልሸጥም አለ። ሰኔ 2006 ፖሊስ ገብቶ ሰዎቹን አስወጣ፤ ተዋናይቷ ዳሪል ሐና ዛፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ በግድ ነው የወረደችው። ከዚያ ዶዘር ገብቶ ሁሉንም ደመሰሰ።

ከዚያስ? መጋዘን ይሠራበታል የተባለው ቦታ ከአሥር ዓመት በላይ ታጥሮ ባዶውን ተቀመጠ። ቤት አልተሠራበትም፣ ሥራ አልተፈጠረበትም፣ በቆሎም አልበቀለበትም።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ለመረዳት ሎስ አንጀለስ መሄድ አያስፈልገውም። በቆርቆሮ ታጥረው፣ የሚያምር ሕንፃ ሥዕል ተለጥፎባቸው፣ ሥዕሉ በፀሐይ ነጥቶ ተቀዶ እስኪወድቅ አንድ ጡብ ያልተጣለባቸውን ቦታዎች በየመንገዳችን እናውቃቸዋለን። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ለዓመታት ታጥረው የቆዩ በርካታ ቦታዎችን ውል አቋርጦ መልሶ የወሰደው ችግሩ አደባባይ ስለወጣ ነው። ጸሐፊው ምርጫው «ቤት ወይስ ጎመን» እንደሆነ አድርገው አቅርበውታል። የብረት፣ የሲሚንቶና የባንክ ብድር ዋጋ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ጎመን ወይስ ቆርቆሮ አጥር ነው። በእኛ ግቢ ደግሞ ሊሠራ የታሰበው ሱቅ ስለሆነ በቤት ፈላጊው ስም መናገሩም አያስኬድም።

ጣሪያና ከተማ ዳር ይሂዱ የሚለው ውኃ አያነሳም። የጋራ ሕንፃዎቻችን ጣሪያ ዘንበል ያለ ቆርቆሮ ነው፤ በላዩ ላይ ምን እንደሚተከል አላውቅም። ባይሆንም ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ምን ሊሠሩ? ለአንድ እስር ጎመን ሁለት ታክሲ ይዘው ከተማ ዳር ይሂዱ ማለትም ተዉት ማለት ነው።

የመጨረሻው፣ ቦታው የጊዜያዊ ነው የሚለው፣ የሕግ ስህተት አለበት። በወንዝ ዳርና በመንግሥት መሬት ላይ ለሚያለሙ ሰዎች ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የእነሱ ዋስትና ደካማ ነው፣ ስለእነሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የጋራ ሕንፃ ግቢ ግን ባለቤት አልባ መሬት አይደለም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃውም፣ ጣሪያውም፣ ክፍት ግቢውም የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ የሚተዳደረውም በማኅበራቸው ነው። ጥቂት የኮሚቴ አባላት ከአንድ ባለሀብት ጋር ሻይ ጠጥተው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። አልሚ ሲመጣ መልቀቅ ሳይሆን አልሚው ለባለቤቶቹ ማስረዳት ነው ያለበት።

እኛም ሐሳቡን ላቀረቡት ሰዎች የጠየቅነው ይህንኑ ነው። የግንባታ ፈቃዱን ያሳዩን። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ግንባታው መቼ እንደሚያልቅ በጽሑፍ ያቅርቡ። ካልጨረሱ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሚከፍሉ ይጻፍ። የሱቁ ኪራይ ለማኅበሩ ካዝና ምን ያህል እንደሚያስገባ፣ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንደሚወጣ ይታወቅ። መደቦቹ የግድ ይነሱ ከተባለ ደግሞ በዚያው ግቢ ውስጥ የሚተካው ቦታ ተዘጋጅቶ አፈሩ አስቀድሞ ይዛወር። እስካሁን የመጣልን በኮምፒውተር የተሳለ የሕንፃ ሥዕል ብቻ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የሚደረገው በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ ጸሐፊው መጥተው ማዳመጥ ከፈለጉ ወንበር አናሳጣቸውም።